ስለ ጋንዶ የአፈር ትምህርት ቤት

በምዕራብ አፍሪካ ቡርኪና ፋሶ በሚባለው አገር፤ ከዋና ከተማው ከዋጋዱጉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ጋንዶ የሚባል የገጠር መንደር ይገኛል። በዚህ መንደር በ2001 ተሠርቶ ያለቀ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያየነውንና የተረዳነውን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል፤ ይልቁንም በየአውራጃው ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ የሚያዋጡና የሚያዝዙ ሰዎች ይህን ገጽ ስለሚያነቡ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደዚያ አገር የሄድነው በ2018 በመጋቢት ወር ነው። ለጽሕፈት ሥራ ተልከን በዋጋዱጉ አራት ቀን ከተቀመጥን በኋላ ጉዳያችን አለቀ፤ አይሮፕላኑ የሚነሣበት ቀን ግን ገና ሁለት ቀን ቀርቶት ነበረ። ሁለት ቀን ሙሉ በሆቴል ተቀምጦ ግርግዳ ከማየት፤ ቀድሞ ሥዕሉን በመጽሔት አይተን እውነት ያልመሰለንን ይህን ትምህርት ቤት በዓይናችን ብናየው ይሻላል ብለን መኪና ተከራይተን ገና ሳይነጋ ተነሣን።

መንገዱ እስከ ኩፔላ ከተማ ድረስ ወደ ምሥራቅ ይሄድና ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ኩፔላ በሸክላ ሠሪዎቿ የታወቀች ናት። አገሩ ሜዳ ነው፤ እንደኛ አገር ደጋና ቈላ ተብሎ አይለይም። ዝናቡ በሰኔ ግድም ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘንማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወራት ሁሉ ደረቅ ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ በእርሻው ላይ የቀረው የማሽላ አገዳ ብቻ ነበር፤ ከሰሐራ በረሓ የሚነሣው፤ በአገሩ ሰዎች ሐርማታን የሚባለው ነፋስ ያመጣው አቧራም ገና በሰማዩ ላይ ስለ ነበረ ፀሐዩ በነጠላ እንደ ተሸፈነ መብራት ደብዝዞ ይታይ ነበር። ደብዝዞ ታየ ማለት ግን ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። በዚያ ወራት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሹፌራችን የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ቢሄድ ታፈንን፤ ከፍቶ ቢሄድ የእቶን ወላፈን መታን፤ ስለዚህ ቴንኮዶጎ ከምትባለው ከተማ እስክንደርስ ድረስ መስኮቱን ስንከፍትና ስንዘጋ ሰነበትን ለማለት ይቻላል። ከቴንኮዶጎ ወደ ጋንዶ የሚወስደው መንገድ አፈር ነው።

ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ሲታይ አስቀድሞ የሚታየው ክዳኑ ነው። ቆርቆሮው በግርግዳው ላይ የተቀመጠ አይመስልም። በቀጫጭን ብረቶች ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ፤ በዳርና በዳሩም ብዙ ወጣ ብሎ ስለሚታይ፤ በበዓል ቀን ድባብ ዘርግተው በላዩ የያዙለት ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግርግዳ መልኩ የመሬቱ መልክ ነው። ቆርቆሮው ባይኖር ኖሮ ሕንፃው ከመሬት እንደ በቀለ እንጂ ሰው እንደ ሠራው ባላሰብንም ነበር።

በሩ ላይ ቆመው ከነበሩት መምህር ጋር በሚሲዮን ቤት በተማርነው ፈረንሳይኛ ሰላምታ ተለዋውጠን፤ እንድንገባም ፈቃድ ጠይቀን ገባን። ጊዜው ወደ ቀትር ግድም ነበረ። ከደጅ ወደ ውስጥ ስንገባ ያገኘን ቅዝቃዜ፤ በበጋ ቀን ከጠራራ ፀሐይ ወደ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ሲገቡ እንደሚያገኘው ያለ ነው። ማራገቢያ ይኖር እንደ ሆነ ብለን ቀና ብለን ብናይ አንዳች መሣሪያ አላየንም። ሕፃናቱ ሦስት ሦስት ሆነው በረዣዥም ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ስሌት ይጽፉ ነበር። አንድም የሚያንቀላፋ ልጅ አላየንም። ይህንን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ፊደል የቈጠርነው በየኔታ ጎጆ ነው። የሣር ክዳን፤ የጭቃ ግርግዳ፤ በደጁም አንድ የወይራ ዛፍ ነበረው፤ ሙቀት ያስቸገረን ጊዜ ትዝ አይለንም። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ ግን፤ ክፍሉ በሲሚንቶ ተሠርቶ ቆርቆሮ የተከደነ ስለ ነበረ፤ ወላጆቻችን ልጃችን ከፍ ያለ ቤት ገባ ብለው ደስ አላቸው። በዚያ ቤት ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሙቀቱ ከላይ እንደ ምጣድ ይወርድብን ነበር። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህራችን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ድምፃቸውን አንሰማም፤ እርሳቸውም ይህን ዐውቀው ዝናብ ሲመጣ መናገሩን ትተው በሰሌዳ ይጽፉልን ነበር። ከፈረንሳይኛ ሰዋስው የማናውቀው ክፍል ቢኖር በሐምሌና በነሐሴ የተነገረው ነው ብለን እስከ ዛሬ እናሳብባለን።

አሁን የጋንዶው ክፍል ያለ መሣሪያ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እንናገር። ግርግዳው የተሠራው ከዚያው ከመንደሩ በተቈፈረ የሸክላ አፈር ነው፤ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ተጠቅጥቆ ጡብ ይሆናል፤ በእሳት አይተኰስም። እንዲህ ያለ ወፍራም የአፈር ግርግዳ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። በግርግዳው ላይ ያረፈው ኮርኒስ ደግሞ በብረት ዘንግ ላይ በተደረደረ ጡብ የተሠራ ሲሆን በመካከሉ ክፍተት ተትቶለታል። ከዚህ ኮርኒስ በላይ ባዶ ስፍራ አለ፤ ከባዶው ስፍራ በላይ ቆርቆሮው ተዘርግቷል። በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በልጆቹ ትንፋሽ ሲሞቅ፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ መውጣት ጠባዩ ስለ ሆነ፤ በኮርኒሱ ክፍተት ይወጣል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚያልፈው ነፋስም ጠርጎ ይወስደዋል፤ በእርሱ ፈንታ ከደጅ ያለው አየር በመስኮቱ ይገባል። ቆርቆሮው በፀሐይ ይበልጥ በጋለ ቍጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይበልጥ ስለሚያሞቀውና ስለሚያስወጣው፤ ፀሐዩ ራሱ ክፍሉን ለማናፈስ ተቀጥሮ የሚያገለግል ሆነ ማለት ነው።

ቆርቆሮው ወደ ውጭ ብዙ የወጣበት ምክንያት ሁለት ነው። በበጋ ግርግዳውን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ በክረምትም ዝናቡ ጡቡን እንዳያሟሟው ይከለክላል። ክፍሎቹ ሦስት ሲሆኑ በአንድ ክዳን ሥር ይሁኑ እንጂ እርስ በርሳቸው አልተያያዙም፤ በመካከላቸው ጥላ ያለበት ባዶ ስፍራ ተትቷል፤ ልጆቹም በዚያ ይጫወታሉ፤ መምህራኑ ሲፈልጉ በዚያ ያስተምራሉ። በሲሚንቶ የጠላነው ቆርቆሮ በዚህ ስፍራ ወዳጅ ሆኖ ስናገኘው፤ የልጅነታችን በደል የቆርቆሮው ሳይሆን ቆርቆሮውን በራሳችን ላይ ያስቀመጠው ሰው በደል እንደ ነበረ ተረዳን።

ይህን ትምህርት ቤት ያሠሩት ሰው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ይባላሉ። በ1965 በዚያው በጋንዶ የመንደሩ አለቃ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ልጅ እንዲኖራቸው ስለ ፈለጉ፤ በመንደሩ ግን ትምህርት ቤት ስላልነበረ፤ ልጃቸውን በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ለይተው ወደ ቴንኮዶጎ ላኩት። ከመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በቴንኮዶጎ የነበረው ክፍል ከሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ፤ ብርሃንም ነፋስም በደኅና የማይገባበት ነበር፤ በዚያ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ታጭቀው ይማሩ ነበር። አድጌ ትምህርት ቤት ብሠራ ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ የሚለው አሳብ በዚያ ሙቀት ውስጥ እንደ ተጠነሰሰባቸው አቶ ኬሬ ኋላ ተናግረዋል።

ስለ ልጅነታቸው ከሚነገረው ሁሉ በዚህ ገጽ ሊጻፍ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ለዕረፍት ወደ መንደራቸው መጥተው ወደ ትምህርታቸው ሊመለሱ ሲነሡ፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ መሰናበት ነበረባቸው። ያን ጊዜ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ከልብሳቸው እጥፋት የቋጠሯትን የመጨረሻ ሳንቲማቸውን ፈትተው ይሰጧቸው ነበር። ልጁ ነገሩ ገርሞት እናቱን ምክንያቱን ቢጠይቅ፤ እነዚህ ሴቶች ገንዘባቸውን የሚሰጡህ ለትምህርትህ ነው፤ ተምረህ አንድ ቀን ተመልሰህ ኑሯችንን ታሻሽላለህ ብለው ተስፋ ስለሚያደርጉ ነው አሉት። እንግዲህ በጋንዶ ትምህርት ቤት መሠረት ከድንጋዩ በፊት የተጣለው ያ ሳንቲም ነው።

በ1985 የአናጢነት ሥራ ለመማር የትምህርት ርዳታ አግኝተው ወደ ጀርመን አገር ወደ በርሊን ሄዱ። ቀን የቤት ክዳንና የእንጨት ዕቃ መሥራት እየተማሩ፤ ሌሊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ይከታተሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሕንፃ ንድፍ አጠኑ። ገና ተማሪ ሳሉ ለመንደራቸው ትምህርት ቤት ለማሠራት አስበው በ1998 የርዳታ ማኅበር አቋቋሙ፤ አብረዋቸው የሚማሩትንም ከቡናና ከሲጃራ ገንዘባችሁ ቀንሱልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 50,000 ዶላር ያህል ተሰበሰበ።

ገንዘቡን ይዘው ወደ ጋንዶ ሲመለሱ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው። ትምህርት ቤቱ በአፈር እንደሚሠራ በተናገሩ ጊዜ ግን ደስታው ወዲያው ጠፋ። የመንደሩ ሰዎች የሚያውቁት የጭቃ ቤት በየክረምቱ የሚፈርስ፤ በየበጋው የሚጠገን ቤት ነው። ልጃቸው በአውሮጳ ብዙ ዓመት ቆይቶ፤ የፈረንጆችን የመስተዋትና የሲሚንቶ ቤት አይቶ፤ መልሶ ጭቃ ይዞልን መጣ ብለው አዘኑ። ከእኛ ጋር እርሻ ሊያርስ ሲገባው ያን ያህል ዓመት የተማረው ለዚህ ነውን ያሉም ነበሩ። እኛ በዚህ ነገር የጋንዶን ሰዎች አንነቅፍም። ድኻ ሰው ለልጁ የሚመኘው እርሱ ያልነበረውን ነው፤ ጭቃ ደግሞ ሁልጊዜ ነበረው። አቶ ኬሬም አልተቈጡም፤ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጠው እየተነጋገሩ አስረዱ እንጂ። በኋላ በሠሩት ሥራ ላይም የጡቡ ቅስት ሰው መሸከም መቻሉን ለማሳየት ከወጣቶቹ ጋር በላዩ ወጥተው ዘለሉበት፤ ሳይፈርስ ቀረ። ከአንድ ሺሕ ቃል ይልቅ ይህ ዝላይ ያሳመነ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁሉ ሆነ። ልጆቹ ለመሠረቱ የሚሆነውን ድንጋይ እየተሸከሙ አመጡ። ሴቶቹ ለጡቡ ሥራ የሚያስፈልገውን ውሃ ከሩቅ ቀዱ፤ በዚያ ጊዜ በመንደሩ የቧንቧ ውሃም ኤሌክትሪክም አልነበረምና። ወጣቶቹ ጡብ መጭመቅንና መገንባትን ተማሩ። የወለሉ አሠራር ግን የአባቶችና የእናቶች ጥንታዊ ጥበብ ነው፦ የሸክላውን አፈር አንጥፈው በመጀመሪያ ወጣቶቹ ቆመው ለብዙ ሰዓት ይደቀድቁታል፤ ቀጥሎ ሴቶቹ ጐንበስ ብለው ውሃ እያርከፈከፉ ይወቅጡታል፤ በመጨረሻ ሌሎች መጥተው በለሰለሰ ድንጋይ እየፈተጉ እስኪያብረቀርቅ ያለሰልሱታል። ወለል በእበት የለቀለቀች የአገራችን ባልቴት ይህን ብታይ ሥራውን ሳይነግሯት ታውቀዋለች።

ክዳኑን ለመሥራት ችግር ነበረ። ትልልቅ የብረት ምሰሶ ከሩቅ ማምጣትም፤ በከባድ ማንሻ መኪና ማንሣትም በዚያ መንደር አይቻልም። ስለዚህ ለሲሚንቶ ማጠንከሪያ የሚሆነውን በየገበያው የሚገኘውን ቀጭን ፌሮ በእጅ መጋዝ እየቈረጡ፤ በትንሽ የብየዳ መኪና እየበየዱ፤ ሰው በትከሻው ሊያነሣው የሚችል ቀላል የክዳን መያዣ አደረጉት። ከዚያ በፊት ብየዳ የማያውቁ የመንደሩ ወጣቶች ይህን ሥራ ተማሩ፤ የአውራጃው ሹማምንትም የትምህርት ቤቱን ጥቅም ካዩ በኋላ፤ ለመምህራኑ ደመወዝ ከመክፈላቸው በቀር፤ እነዚህን ወጣቶች በከተማው የመንግሥት ሥራ ላይ ለማሠማራት ጣሩ። በአጠገብ ያሉ ሁለት መንደሮችም ይህን አይተው በኅብረት የየራሳቸውን ትምህርት ቤት ሠሩ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ይኸውም አቶ ኬሬ ሲሚንቶንና ብረትን የሚጠሉ ሰው አለመሆናቸው ነው። በጡቡ ውስጥ ሲሚንቶ አለ፤ በክዳኑ ላይ ብረትና ቆርቆሮ አለ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ የወሰዱት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌላ አፈር ጋር ከ1,400 ዲግሪ በሚበልጥ እሳት ተቃጥሎ ነው፤ ከድንጋዩም ከእሳቱም የሚወጣው የካርቦን ጋዝ፤ የሰው ልጅ ሥራ በዓለም ላይ ከሚያወጣው ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ያህል ይሆናል። ቡርኪና ፋሶም እንደ እኛ ወደብ የሌለው አገር ስለ ሆነ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማናቸውም ከባድ ዕቃ ከአቢጃን ወይም ከሎሜ ወይም ከቴማ ወደብ በመኪና መጐተት አለበት። በእሳት የሚተኰስ ጡብ ልሥራ ቢባል ደግሞ በዚያ ደረቅ አገር የቀረውን ጥቂት ዛፍ መጨረስ ነው። አፈሩ ግን በእግራቸው ሥር ነበረ፤ ማጓጓዣውም የሰው ጀርባ ነው።

ስለ አገር ዕቃና ስለ ውጭ ዕቃ ካነሣን፤ ይህ ነገር በዚያ አገር አዲስ እንዳልሆነ እንጨምር። ከ1983 እስከ 1987 የአገሩ መሪ የነበሩት ቶማስ ሳንካራ፤ በ1984 የአገሩን ስም ከላይኛው ቮልታ ወደ ቡርኪና ፋሶ የለወጡት ማለት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች በአገር እጅ የተሸመነውን ፋሶ ዳን ፋኒ የሚባለውን የጥጥ ልብስ እንዲለብሱ አዝዘው ነበር፤ ዛፍ መትከልንም ትልቅ የሕዝብ ሥራ አደረጉት። በዋጋዱጉ ሳለን ይህን ልብስ የለበሱ ሹማምንት በብዛት አየን፤ እኛ ግን ካራቫታችንን እንዳጠበቅን በዚያ ሙቀት ተቀመጥን። ሸማችንን ትተን መምጣታችን ያን ጊዜ ቈጨን።

የጋንዶው ትምህርት ቤት ሥራ በ2004 የአጋ ካንን የሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ አቶ ኬሬ ትምህርታቸውን ጨርሰው ዲፕሎማቸውን የተቀበሉትም በዚያው ዓመት ነው። በ2022 ደግሞ በሕንፃ ንድፍ ሥራ ከሁሉ የከበረ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበሉ፤ ከአፍሪካውያን ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ክብር ሲመጣ መንደሩ አልተረሳም። መምህራን በገጠር ለመቀመጥ ስለማይወዱ በ2004 ከወፍራም የአፈር ግርግዳ የመምህራን ቤቶች ተሠሩላቸው፤ ተማሪ ስለ በዛም በ2008 ሌላ ሕንፃ ተጨመረ፤ ኮርኒሱም ክፍተት ያለው የጡብ ቅስት ነው። ሲጀመር ለ120 ልጆች የታሰበው ትምህርት ቤት 700 ያህል ልጆች የሚማሩበት ሆነ። በግቢው ለጥላም ለፍሬም የሚሆን ማንጎ ተክለዋል። በዚያ አገር የበጋ ፀሐይ አንድ ችግኝ ማሳደግ ማለት ሕፃን ማሳደግ ማለት ስለ ሆነ፤ እያንዳንዱ ችግኝ በሾህ ታጥሮ፤ በሥሩም ውሃ የሚጠጣበት ጕድጓድ ተበጅቶለት አየን።

መምህሩ ግቢውን ሲያሳዩን ከአንዱ ክፍል ማዕዘን ላይ ጡቡ በልጆች ትከሻ ተፍቆ ተሸርሽሮ አገኘን። የሆነውን ቢሆን ሕንፃውን ለመንቀፍ አንድ ምክንያት ያገኘን መስሎን ጠየቅናቸው። የተሸረሸረውን የሚጠግኑት ከዚያው አፈር መሆኑን፤ ለዚህም ማንንም ደብዳቤ ጽፈው እንደማይለምኑ ነገሩን። ደብዳቤ የሚለውን ቃል ሲናገሩ እኛ ዝም አልን። ዝም ያልንበትን ምክንያት ለእርሳቸው ባንገልጥም ለአንባቢዎቻችን እንገልጣለን።

ወደ ጋንዶ ከመሄዳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት፤ በአገራችን በአንድ ቈላማ አውራጃ አዲስ ትምህርት ቤት ለማሠራት በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ ጸሓፊ ሆነን ተመርጠን ነበር። በዚያ ስፍራ የአካባቢው አባቶች ራሳቸው በእንጨትና በጭቃ ሠርተው ሣር የከደኑት አሮጌ ትምህርት ቤት ነበረ። ክዳኑ ያፈስሳል፤ ምስጥም ምሰሶውን በልቶት ነበር፤ ስለዚህ መታደስ ያስፈልገው እንደ ነበረ አይካድም። እኛ ግን ስለ ማደስ አልጻፍንም። ብዕራችንን አሹለን፤ በዚህ በሠለጠነ ዘመን ሕፃናት በጭቃ ቤት መማራቸው ለወረዳውም ለአውራጃውም አሳፋሪ ነው ብለን፤ ገንዘብ ለሚሰጡት ሁሉ ረዥም ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ተወደደልን፤ ገንዘቡም ተገኘ፤ አሮጌው ቤት ፈርሶ በብሎኬት የተሠራ፤ ቆርቆሮው በግርግዳው ላይ የተጣበቀ፤ መስኮቱም ለሌባ ተብሎ የጠበበ አራት ክፍል ያለው ቤት ተሠራ። በምረቃው ቀን ጊዜው ኅዳር ስለ ነበረ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን።

በሚቀጥለው ግንቦት ለሌላ ጉዳይ በዚያ ስናልፍ መኪናችንን አቁመን ወደ ግቢው ገባን። አራቱም ክፍሎች ተከፍተው ባዶ ነበሩ። ልጆቹ ከግቢው ጀርባ ባለው ዋርካ ሥር በድንጋይና በግንድ ላይ ተቀምጠው፤ ጥቍር ሰሌዳውን ከዛፉ ግንድ አስደግፈው ይማሩ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ደብተሯን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጽፍ ነፋሱ ወረቀቱን እየገለጠ ያስቸግራት ነበር። መምህሩ እኛን ዐውቀውን ስለ ነበረ በአክብሮት ተነሥተው፤ ጧት ጧት በክፍሉ እንደሚማሩ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ልጆቹ ራሳቸውን እያመማቸው ስለሚያስቸግሩ ወደ ጥላው እንደሚወጡ በትሕትና ነገሩን። ቤቱ ግን እጅግ ያማረ መሆኑን ጨመሩልን። እኛም አመስግነን ወጣን፤ ለኮሚቴውም ምንም አልነገርን።

በጋንዶ ያን ቀን ከክፍሉ ወጥተን በጥላው ስንቆም፤ ልጆቹ ለምሳ ሲለቀቁ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ባዶ ስፍራ እየተጋፉ አለፉ። ሁለት ልጆች ወደ ማንጎው ችግኝ ሄደው ከያዙት ጣሳ የተረፈውን ውሃ አፈሰሱለት። ቀኑ መሽቶብን መንገድ እንዳይቸግረን ተሰናብተን ተመለስን።

ወደ አገራችን ከገባን በኋላ የዚያን ደብዳቤ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስወጥተን አነበብነው። አጻጻፉ መልካም ነበረ። አሳፋሪ በሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አሥምረንበት አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ለቀሩት የኮሚቴው አባሎች ያየነውን ነግረን፤ ቆርቆሮውን ከግርግዳው ለይቶ ከፍ ለማድረግና መስኮቶቹን ለማስፋት ስንት ፌሮና ስንት የብየዳ ቀን እንደሚበቃ በአካባቢው ያሉትን ሠራተኞች አስጠየቅን። እስከ አሁን የተዋጣው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ነው፤ መምህሩም ለትንንሾቹ ልጆች ክፍል ይሁን ብለው መርጠዋል።